ውሃ የገባበት ሥጋ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ሚስት ከገበያ ስትመለስ ሁለት ኪሎ ሥጋ ይዛ መጣች። እንግዳ ስለነበረብን ጥብስ ልትሠራ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያገኘኝ በኩል፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ድስቱ ጋለ፤ ሥጋውን ጨመረችው፤ ለአንድ አፍታ ጮኸ፤ ከዚያ ጩኸቱ ጠፋና መንተክተክ ያዘ። አንገቷን አውጥታ አየችኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ሥጋ ያውቃሉ አይደል፤ ይሄን ነገር እየጠበስኩት ነው እየቀቀልኩት?»

ተነሥቼ አየሁት። ሥጋው በነጣ ውሃ ተከቦ፣ ዳር ዳሩን አረፋ ይዞ ይዋኛል። በማንኪያ ቀድቼ ቀመስኩት።

«ጨው ጨምረሽበታል?»

«ኧረ ገና ነኝ።»

ማንኪያውን አስቀምጬ ወደ በርጩማዬ ተመለስኩ። ልጅቱ ከውስጥ ሆና ሥጋ ሻጩን ስትረግም ይሰማኛል። «እጁን ይቁረጠው» ትላለች። እሷ ስትረግም እኔ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሥጋ ሲጠበስ የሚሸተውና ውሃ የገባበት ሥጋ ሲፈላ የሚሸተው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ምራቅ ያስመጣል። ሁለተኛው የዕቃ እጣቢ ይመስላል፤ ለብ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል ነው። ያን ሽታ ካሸተትኩት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ አልረሳሁትም ግን። ሰማንያን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ የልጅ ልጆቼን ስም እያቀያየርኩ እጠራለሁ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ መነጽሬን እፈልጋለሁ። ይሄን ግን አልረሳሁም። በአንዲት ሴት ላይ የሠራሁት በደል ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለሚስቴ ሳልነግራት ሞተች። አሁን በልጅ ልጄ ደብተር ላይ፣ በዚች በተጣመመች ጽሕፈቴ እጽፈዋለሁ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅኩምና አንባቢ ይታገሠኝ።

እኔ ለሥራ የደረስኩት ጣልያን ወጥቶ፣ ከተማው ተረጋግቶ፣ ሰው እጁን ከማርትሬዛ ወደ ወረቀት ብር ባለማመደበት ዘመን ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ። የማውቀው ስሙኒ ይዞ ፈረስ መጋላ የወጣ ሰው ሳምቡሳውን በልቶ፣ ከቡና ቅጠል በወተት የሚፈላውን ሆጃ ጠጥቶ፣ ከተረፈውም ለእናቱ ሎሚ ገዝቶ የሚገባበት ጊዜ እንደነበረ ነው። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ወደ መኪና ግርግር ሲወረድ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ግራና ቀኝ ይንጣጣል፤ ሰው እየሄደ ይለካል፣ ሲመለስ ሱሪው አልቆ ይጠብቀዋል። እኔ የመጀመሪያዋን ካኪ ሱሪዬን ያሰፋሁት እዚያ ነው። ከሥሯ የማደርጋትን ነጭ የሸራ ጫማ ቅዳሜ ቅዳሜ በኖራ እቀባታለሁ። ዝናብ ሲመጣ ኖራው እየፈሰሰ በሄድኩበት ነጭ ምልክት እየተውኩ እሄዳለሁ፤ ሰፈሩ በዚያ ያውቀኝ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ባጃጅ ሲያልፍ ግድግዳ ተደግፌ ነው የማሳልፈው።

ከግንቡ ውጭ፣ ከሐረር በር ወደ አዲሱ ከተማ በሚወጣው መንገድ፣ ሙሴ ስታቭሮ የሚባል ግሪክ ሱቅ ነበረው። ያን ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው። አይብ፣ የወይራ ፍሬ፣ በጣሳ የታሸገ ዓሣ ይሸጣል። ከሱቁ ጀርባ ደግሞ የቆርቆሮ ቤት አለው፤ እዚያ የአሳማ ጭን በወይራ እንጨት ጭስ እያጠነ ለፈረንጆቹ ያዘጋጃል። በዚህ በቆርቆሮው ቤት ሥራ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። እንጨት እፈልጣለሁ፣ እሳቱን እንዳይነድ እንዳይጠፋ አድርጌ እጠብቃለሁ፣ ጭኑን አወርዳለሁ እሰቅላለሁ። በኛ በክርስቲያኖቹም በእስላሞቹም ዘንድ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለሐረር ሰው መንገር አያስፈልግም። እናቴ ማታ ስገባ ልብሴን ከደጅ አስወልቃኝ ነው የምታስገባኝ፤ መጠጫዬም የብቻዬ ነበረች። የንስሐ አባቴ ስግደት አዘዙብኝ። ከገጠር ሽንኩርትና ድንች በአህያ እየጫነ የሚመጣ አብዲ የሚባል ወዳጄ ደግሞ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል።

«ታደሰ፣ ወላሂ እጅህን አትስጠኝ። ከዚያው ሆነህ ሰላም በለኝ።»

«ኧረ በሳሙና ታጥቤያለሁ።»

«ሳሙናውስ በምን ታጠበ?»

እንዲህ እየተባባልን እንስቃለን። ደመወዙ ግን ጥሩ ነበር፤ ሙሴ ስታቭሮም ክፉ ሰው አልነበረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨው በውሃ አድርጎ በትልቅ ድስት ያፈላዋል፤ ይገፈዋል፤ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ የነሐስ ቱቦ ያለው፣ መርፌው እንደ ወስፌ የረዘመ ዕቃ አለው፤ የጨዉን ውሃ በሱ ስቦ ወደ ጭኑ ውስጥ፣ አጥንቱ ድረስ እየወጋ ያስገባዋል። ጨው ከውጭ ብቻ ቢታሽ መሃሉ ድረስ ሳይገባ ሥጋው ከአጥንቱ በኩል ይበላሻል፤ ለዚያ ነው። ከዚያ ሰንብቶ ወደ ጭሱ ይገባል። ጭኑን የሚያመጣለት ኤረር በኩል አሳማ የሚያረባ ሌላ ፈረንጅ ነው። አንድ ቀን ታዲያ የጭነት መኪናው ስድስት ጭን አራግፎ ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ እንደሄደ ሙሴ ስታቭሮ አንዱን በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ጣቱ የገባበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ፤ ውሃም አቀረረ።

«ታደሰ፣ ና። ንካ» አለኝ።

ነካሁ።

«ይሄ ሥጋ ጠጥቷል። ማነው ያጠጣው? እኔ አይደለም። እኔ ካላጠጣሁ ስንት እንደጠጣ አላውቅም። ምን ውሃ እንደጠጣም አላውቅም።»

«ታዲያ እርስዎም ውሃ ያስገቡበት የለም ወይ?» አልኩት።

«አስገባለሁ። ጨው እኔ፣ ውሃ እኔ፣ ማፍላት እኔ። ደረቅ ሥጋ እገዛለሁ፣ ከዚያ የራሴን ውሃ አስገባለሁ። የሰው ውሃ አልገዛም። የሰው ውሃ ያለበት ሥጋ ጭስ አይገባውም፤ ከውስጥ ይሸታል።»

ስድስቱንም በመጣበት መኪና መለሰው። ሹፌሩ ተሳደበ፤ ሙሴ ስታቭሮ በግሪክኛ መለሰለት። በዚያ ሳምንት የሚያጨሰው ሥጋ አልነበረውም፤ ከፈረንጆቹም ጋር ተጣላ። እኔ ትምህርቱ ገብቶኝ ነበር። ያልገባኝ ነገር አለ ብዬ እንዳላሳብብ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሙሴ ስታቭሮ ዓይኑ ደከመና ልጁ ወደሚኖርበት አገር ሄደ። ሲሄድ ዕቃውን ለሰው ሲያከፋፍል ለኔ ሁለት ቢላዋ፣ የሥጋ መስቀያ ሜንጦዎቹንና ያን መርፌ ሰጠኝ። እኔም ያጠራቀምኳት ነበረችና፣ ስግደቴን ጨርሼ፣ ጠበል ተረጭቼ፣ እዚያው አዲሱ ከተማ ውስጥ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ከፈትኩ። በሩ ላይ ቀይ መስቀል አሣልኩ። ነጭ ሽርጥ አሰፋሁ። ሥጋ ኪሎው በሁለት ስሙኒ ነበር፤ ለበዓል ትንሽ ጨመር ይላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ይመጣሉ፤ ከዓደን በጀልባ የመጣ ሽቶ የተቀቡ አሉ፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረጉት የሥጋ ቤቱን የእንጨት ደረጃ ሲረግጡ ኳ ኳ ይላል። ከፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ደግሞ አንድ ሸክላ ጠዋት ማታ ይጫወታል። የዘፈኑን ቃል ረሳሁት፤ ዜማውን ግን ጥርሴ ሳይቀር ያስታውሰዋል፤ በዜማው እየመታሁ አጥንት እሰብር ነበር።

ቢላዋዎቼን የምትስልልኝ ብርቄ ነበረች። በዕድሜ ከኔ ትንሽ ትበልጣለችና እቴ ብርቄ ነው የምላት። አባቷ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻውን፣ ቢላውን፣ መጥረቢያውን ይሠሩ ነበር። ባልም ልጅም አልነበራትም፤ አባቷ ሲሞቱ ሞረዱንና የመሳያ ድንጋዩን ወርሳ፣ አቦከር ሰፈር ከወይዘሮ አሰለፈች ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ የሰፈሩን ቢላዋና መቀስ እየሳለች ትኖራለች። ሥራዋን አይቶ የማያመሰግናት የለም። ስትስል ስለቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ነካ አድርጋ ትሞክረዋለች፤ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ትሰጣለች። የቀጥቃጭ ልጅ መሆኗን ግን ሰው አይረሳም። እኔ ቤት ስትመጣ ሥጋ የሚገዙት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ቅርጫታቸው ሳብ ያደርጋሉ። እሷም ታውቃለች፤ ዓይኗን ከሥጋው ላይ አንሥታ ግድግዳውን እያየች ነው የምታናግረኝ። አንድ ቀን ሰው ሳይኖር «እዚህ ስመጣ እንደ ዕውር እሆናለሁ ወንድሜ» ብላኝ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ የሚያስቅ መስሎኝ ነበር።

መርፌውን ለምን እንዳነሣሁት ልናገር። ከፊት ለፊቴ ሌላ ሥጋ ቤት ተከፈተ። የሰውየው ሥጋ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ያበራል። በጋው ረዝሞ ለኔ የሚመጡልኝ በሬዎች የከሱ ነበሩ። አንድ ምሳ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ከጓሮ በርሜል ውሃ ቀዳሁ፣ እፍኝ ጨው በተንኩበት፣ ያን መርፌ አወረድኩና አንዱን ጭን ወጋሁት። ሥጋው ዓይኔ እያየ ሞላ። ሙሴ ስታቭሮ ውሃውን ያፈላ ነበር፤ እኔ አላፈላሁም። ከሰዓት በኋላ የመጣች ሴት «የዛሬው ሥጋህ ደግሞ እንዴት ያምራል» አለችኝ። ድስቱ ውስጥ ውሃ አወጣ ብለው የጠየቁኝም ነበሩ፤ «በሬው እርጥብ ሣር በልቶ ነው» አልኳቸው። በበጋ እርጥብ ሣር ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀኝም።

አንድ ነገር ግን እጠነቀቅ ነበር፤ መጠንቀቄም ነው ዛሬ የበለጠ የሚያሳፍረኝ። ለገዢ ሁሉ «ለምን ይሆናል?» እላለሁ። ለወጥ ነው ካለኝ ከተወጋው እቆርጣለሁ። ለቋንጣ ነው ካለኝ ግን ካልተወጋው፣ ከደረቁ ነው የምሰጠው። ቋንጣ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስና አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ነገር ነው፤ መሃሉ ውሃ ካለበት እንደማይሆን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ደንበኞቼ ጥያቄዬን እንደ ትሕትና ቆጠሩት። «ታደሰ እኮ ለምን እንደሚሆን ጠይቆ ነው የሚቆርጥ» ይሉኝ ነበር።

በዝናቡ መግቢያ ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ልዘጋ ስል ወይዘሮ አሰለፈች መጡ። የብርቄ አከራይ ናቸው። ባላቸው የሞቱ፣ ግቢያቸው የታፈረ፣ ሰፈሩ ላይ ቃላቸው የሚሰማ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ወታደር ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኦጋዴን ሊወርድ ነው።

«ታደሰ፣ ለስንቅ የሚሆን ስድስት ኪሎ ከጥሩው ቁረጥልኝ። ቋንጣ ላደርግለት ነው።»

ሜንጦው ላይ የቀረው አንድ ጭን ነበር፤ ጠዋት የተወጋ። «ነገ ይምጡ እትዬ» ማለት ነበረብኝ። ከፊት ለፊት ያለው ሥጋ ቤት አልተዘጋም፤ መብራቱ ይታየኛል። ነገ ይምጡ ካልኳቸው መንገዱን ተሻግረው እዚያ እንደሚገዙ፣ ከዚያም ወዲያ ሰፈሩን ይዘው እዚያው እንደሚቀሩ ታየኝ።

«እሺ እትዬ» አልኩና ቆረጥኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያወቅሁት ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። ሥጋው ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተለውሶ ቤት ውስጥ በገመድ ተሰቀለ። በማግሥቱ ብርቄ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ገባች። ቀና ስትል አየችውና «እንዴት ያለ ያማረ ሥጋ ነው» አለች። አለች እንጂ «ከዓይን ያውጣው» አላለችም። እኔ ቤት ግድግዳ ስታይ የምትውለዋ ሴት፣ በራሷ ግቢ፣ በቤቷ ያለች መስሏት አንዴ ተዘናጋች። በሦስተኛው ቀን ሥጋው ከውስጥ ሸተተ። ዝናቡ አልቆመም፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ወለሉን አራሰው። ልጁ ደግሞ ገና ያልተበላሸ መስሎት ቆንጠር አድርጎ በእሳት ለብልቦ በልቶት ነበርና ሆዱን ታመመ፣ ትኩሳት ያዘው። እናቱ ወዲያ ወዲህ ሲሉ አጠገቡ ተቀምጣ ውሃ ስታጠጣው የዋለችው ብርቄ ናት። በትኩሳቱ መሃል ውሃ ሲጠማው «ብርቄ፣ ብርቄ» እያለ ተጣራ።

በኛ አገር ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ስም ይጠራል ይባላል። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ይሄንኑ ሰሙ። ሥጋውን አይታ አደነቀች፣ ሥጋው ተበላሸ፤ ልጁን አየች፣ ልጁ ወደቀ፤ እሱ ራሱ ስሟን ጠራ። አባቷም ቀጥቃጭ ነበሩ። ነገሩ በአንድ ቀን አለቀ።

ልጁ ሳምንት ሳይሞላው ዳነ። ሥጋው ከግቢው በስተጀርባ ለጅብ ተጣለ። ወይዘሮ አሰለፈች ግን ብርቄ ግቢያቸውን ትልቀቅ አሉ፤ የሰፈሩ እድርም ስሟን ሊፍቅ ሆነ። እድር የሌለው ሰው ቢሞት ማን እንደሚቀብረው ታውቃላችሁ። ብርቄ ሽማግሌ ይይልኝ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ቢላዋዎቼን ስላ ይዛልኝ መጣች። ፊቷ አብጧል። ያን ቀን ግድግዳውን አላየችም፤ እኔኑ ነው ያየችኝ።

«ታደሰ፣ ነገ ሽማግሎቹ ይቀመጣሉ። ያንተን ስም ጠርቻለሁ።»

«የኔን? ለምን?»

«ሥጋ ታውቃለህ። ሥጋ ሰው ሳያየው አይበላሽም ወይ? በዝናብ አይበላሽም ወይ? ይሄንን ብቻ ንገርልኝ። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል፤ አንተን ግን ይሰሙሃል። አትዋሽም ይሉሃል።»

«እናገራለሁ» አልኳት።

እናገራለሁ ስላት አስቤው ነበር፤ እውነቴን ነው። ሌሊቱን ሁሉ ሳሰላስለው አደርኩ፤ በዝናቡ ነው እላለሁ፣ ዝናብ ሥጋ ያበላሻል እላለሁ፣ መርፌውን ሳላነሣ እሷን አወጣታለሁ አልኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወይዘሮ አሰለፈች ግቢ ከዛፉ ሥር ሽማግሎቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራቅ ብላ ቆማለች። እኔን ጠሩኝ። ነጩን የሸራ ጫማዬን አድርጌ ነበር።

ዋናው ሽማግሌ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ ይቺ ሴት ሥጋ በዝናብ ይበላሻል ትላለች። ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል አባቴ» አልኩ።

ብርቄ ቀና ስትል አየኋት።

ይሄን ጊዜ ወይዘሮ አሰለፈች ተነሡ። «በዚያው ሳምንት ጎረቤቴም ቋንጣ ሰቅላለች። ያውም ከዚሁ ከታደሰ የገዛችው። ዝናቡ ለኔ ቤት ብቻ ነው የዘነበው? የሷ ደርቆ ዛሬ ተበልቷል። ወይስ ታደሰ ለሷ ደህናውን ለኔ የተበላሸውን ሰጥቶኛል?»

እውነት ነው። ለጎረቤታቸው ጠዋት፣ ከደረቁ ነበር የሰጠሁት። ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ።

«ሥጋው ካንተ እጅ ሲወጣ እንዴት ነበር?»

ሰዉ ሁሉ ያየኛል። የሥጋ ቤቴ ደንበኞች ናቸው፤ ፊታቸውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

«ደህና ነበር» አልኩ።

«ምንም እንከን አልነበረበትም?»

«አልነበረበትም። ደረቅ ሥጋ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም የጠየቀኝ የለም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም ወደ ኋላ ተመለስኩ። ብርቄ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ ፊቷን ሁሉ ሸፈነችው።

በሳምንቱ ግቢውን ለቅቃ ድሬዳዋ ወረደች ተባለ። ከመሄዷ በፊት ጎረቤት ጋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ትታልኝ ነበር፤ እሷ ዘንድ የቀረች አንዲት ቢላዋዬ ናት፤ ስላታለች። መርፌውን ያን ቀን ጣልኩት ብል ደስ ባለኝ። አልጣልኩትም። እስከ ዝናቡ መውጫ ድረስ ሠራሁበት። ከዚያ አንድ ቀን እጄ አልታዘዝ ሲለኝ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት፤ ቆይቼም ሥጋ ቤቱን ለሌላ ሰው ለቅቄ ፈረስና ጋሪ ገዛሁ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ ቀፎ ይሸጣል፤ ሙዚቃው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ አንዱንም አላውቀውም።

ዓመታት አለፉ። ሚስት አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። በጋሪው ላይ ተቀምጬ በአቦከር ባለፍኩ ቁጥር ያን ግቢ ላለማየት ዓይኔን ፈረሱ ጆሮ ላይ እተክላለሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ንጉሡ የወረዱበት ለውጥ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሚስቴን የፈረስ ዕቃ ልገዛ ነው ብያት የድሬዳዋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዓለማያ ሐይቅ ያን ጊዜ ሞልቶ እስከ መንገዱ ድረስ ይደርስ ነበር፤ ወፎች ነበሩበት። ደንገጎን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሙቀቱ ከታች እንደ ምድጃ ይቀበላል። መንገዱን ሁሉ የምላትን ቃል በልቤ ስደጋግም ነው የሄድኩት። ቀፊራ ገበያ ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋት፤ ከገበያው ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር፣ ሸራ ዘርግታ መቀስ ትስላለች። ሸብታለች። እንደ ድሮው ስለቱን በጥፍሯ ትሞክራለች።

«ታደሰ ነህ? ጋሽ ታደሰ ልበልህ እንጂ፣ ሽማግሌ ሆነሃል» አለች፤ ተነሥታም ሳመችኝ። እንድትስመኝ አልጠበቅሁም ነበር። ቤቷ ቅርብ ነው፤ አንዲት ክፍል ናት። ካልበላህ አትሄድም ብላ ወጥ አሙቃ፣ እንጀራ አቀረበችልኝ። የገበያውን፣ የሙቀቱን፣ የሐረርን አየር ጠየቀችኝ። እኔ ግን አፌ ውስጥ ያለውን ካላወጣሁ መጉረስ አልችልም።

«እቴ ብርቄ፣ የመጣሁት ለሌላ አይደለም። ያ ሥጋ ውሃ ነበረበት። በመርፌ ያስገባሁበት እኔ ነኝ። ያበላሸው የኔ ውሃ ነው፤ ልጁንም ያሳመመው እሱ ነው። ያንቺ ዓይን ምንም አላደረገም።»

እንጀራውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ልጅ ሊያባብለው ሲሞክር ትልቅ ሰው እንደሚስቀው ሳቅ።

«ይሄን ልትለኝ ነው ከሐረር ድረስ የመጣኸው? አንተ ድሮም ሆደ ቡቡ ነህ።»

«እውነቴን ነው የምነግርሽ።»

«ተው ወንድሜ። ያን ቀን በጣም አዝኜብህ ነበር። ምን ነበረበት፣ ለኔ ብሎ አንድ ቃል ቢያጣምም ብዬ አለቀስኩ። ኋላ ግን እዚህ ብቻዬን ስቀመጥ አሰብኩት። ታደሰ አይዋሽም፤ ስለማይዋሽ ነው እኔ ራሴ የጠራሁት። ሥጋው ደህና ነበር ካለ ደህና ነበር። እንግዲያ ያበላሸው ማነው? እኔ ነኝ። ሳላውቀው አብሮኝ የተፈጠረ ነገር ነው፤ ምን አደርገዋለሁ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ከዚያ ወዲህ የሰው ምግብ አላይም። ሕፃን ያዘለች ስታልፍ ዓይኔን መሬት ላይ እጥላለሁ። ተመስገን ነው፣ ማንንም ጎድቼ አላውቅም። አሁን ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

ይሄን ብላ በርጩማዋን አዞረችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

እኔም ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ማልኩላት። በእናቴ አጥንት ማልኩ፣ በልጆቼ ማልኩ፣ የማውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራሁ ማልኩ።

«አትማል» አለችኝ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ። «በኔ የተነሣ በሐሰት አትማል።»